ላኮክ አቢ፦ ገዳም የነበረ ቤት

ላኮክ አቢ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በዊልትሺር አውራጃ፣ በኤቨን ወንዝ ዳር ባለ መስክ ላይ የቆመ የድንጋይ ቤት ነው። አቢ ማለት ገዳም ነው፤ ሆኖም ከ1539 ወዲህ (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) መነኩሲት አልኖረበትም። ከዚያ በኋላ በአራት መቶ ዓመታት የተፈራረቁት ባለቤቶቹ ከፊሉን አፍርሰዋል፣ ከፊሉን ቀጥለዋል፣ መስኮት ከፍተዋል፣ አዳራሹን በየዘመናቸው ወግ አስጊጠዋል። ምድር ቤቱ ግን እስከ ዛሬ የገዳም ምድር ቤት እንደሆነ ቀርቷል። እልፍኞቹና መኝታ ቤቶቹ ያሉት ከላይ ነው፤ ከሥራቸው መነኮሳይቱ ይመላለሱበት የነበረው ባለ ቅስት መተላለፊያ፣ የጉባኤ ቤታቸውና ዕቃ ቤታቸው ይገኛሉ።

ገዳሙን የመሠረተችው የሳልዝበሪዋ ባለርስት ኤላ ናት። የሳልዝበሪ ግዛትና ማዕረግ ከአባቷ የወረደላት እሷ ስትሆን፣ ባሏ ዊልያም ሎንግስፔ ማዕረጉን ያገኘው በጋብቻ ነው። ሎንግስፔ የንጉሥ ሄንሪ 2ኛ የዲቃላ ልጅ፣ የንጉሥ ጆን ወንድም ነበር። በ1220 የሳልዝበሪ ካቴድራል መሠረት ሲጣል ባልና ሚስት ድንጋይ ካኖሩት መካከል ነበሩ፤ ሎንግስፔ በ1226 ሲሞትም በዚያው ተቀበረ። ኤላ ሌላ ባል አላገባችም። ሚያዝያ 16 ቀን 1232 ጠዋት ላኮክ ላይ የሴቶች ገዳም፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሂንተን በተባለ ቦታ የወንዶች ገዳም መሠረት አኖረች። የዘመኑ መንገድ ምን ይመስል እንደነበር ላሰበ ሰው፣ በአንድ ቀን ሁለት ገዳም መመሥረት ለፈረሶቹም ቀላል ቀን አልነበረም። ጥቂት ዓመታት ቆይታ ራሷም ላኮክ ገብታ መነኮሰች፤ ከዚያም እመ ምኔት ሆና እስከ 1257 አስተዳደረች። በ1261 ስታርፍ የተቀበረችው በራሷ ገዳም ነው።

መነኮሳይቱ የአውግስጢኖስን ሥርዓት የሚከተሉ ነበሩ፤ ሕንፃቸውም በምዕራብ አውሮፓ ገዳማት በተለመደው ንድፍ የተሠራ ነው። በመካከል አራት ማዕዘን ግቢ አለ፤ ግቢውን ጣሪያ ያለው መተላለፊያ ይዞረዋል፤ ከመተላለፊያው ኋላ በየጎኑ ቤቶች ተሰልፈዋል። በምሥራቁ ጎን ከታች ዕቃ ቤት፣ የጉባኤ ቤትና የመሞቂያ ክፍል፣ ከላይ የመኝታ አዳራሽ ነበር። በሰሜኑ ጎን ምርፋቁ፣ በምዕራቡ የእመ ምኔቷ እልፍኝና የእንግዶች አዳራሽ ነበሩ። የመሞቂያ ክፍሉ ስያሜው ራሱ ብዙ ይናገራል፤ የእንግሊዝ ክረምት ከባድ ነው፣ በገዳሙ ውስጥ እሳት የሚነድባቸው ቦታዎች ደግሞ ጥቂት ነበሩ። ዛሬ በዚህ ክፍል የሚታየው ትልቅ የነሐስ ድስት በ1500 በፍላንደርስ አገር፣ በሜኸለን ከተማ፣ ፒተር ዋገቨንስ በተባለ አንጥረኛ የተሠራ ነው።

በአንድ ነገር ግን ላኮክ ከልማድ ወጣ ያለ ነው። በአብዛኛው የእንግሊዝ ገዳማት ቤተ ክርስቲያኑ በሰሜን፣ ግቢው በደቡብ ይሆናል፤ ረጅሙ የቤተ ክርስቲያን ግንብ የሰሜኑን ነፋስ ይከልላል፣ ግቢውም ፀሐይ ያገኛል። ላኮክ ላይ ተገላብጦ ቤተ ክርስቲያኑ በደቡብ ቆመ፤ መተላለፊያውና መኖሪያው ከጥላው ሥር ወደቁ። ለመነኮሳይቱ ይህ ብርድ ማለት ነበር። ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ግን ቤቱ የያዘውን መልክ ከወሰኑት ነገሮች ሁሉ ዋነኛው ይኸው የቤተ ክርስቲያኑ አቀማመጥ ሆነ።

በአሥራ አምስተኛው ክፍለ ዘመን መተላለፊያው እንደገና ተሠራ። ዛሬ በሦስት ጎን የሚታየው የዚያ ዘመን ሥራ ነው፤ ከግድግዳው የሚነሡ ቀጫጭን የድንጋይ ዘንጎች ወደ ላይ እየተዘረጉ እንደ ጎድን አጥንት ጣሪያውን ይሸከማሉ፤ በሚገናኙበት ቦታ ሁሉ የተቀረጸ የድንጋይ ፈርጥ አለ። የዚህን ጣሪያ ጥንካሬ ማስታወስ ያስፈልጋል፤ በኋላ የመጡት ሰዎች ቤታቸውን የሠሩት በእሱ ላይ ነውና።

በ1530ዎቹ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ከሮም ቤተ ክርስቲያን ተለይቶ ገዳማቱን መዝጋት ጀመረ። በ1536 የወጣው ሕግ የዓመት ገቢያቸው ከ200 ፓውንድ በታች የሆኑትን ትናንሽ ገዳማት የሚመለከት ነበር፤ የላኮክ ገቢ 168 ፓውንድ ያህል ስለነበር መዘጋት ነበረበት። መነኮሳይቱ 300 ፓውንድ ከፍለው ለጊዜው ተረፉ። የሁለት ዓመት ገቢን የሚጠጋ ገንዘብ ከፍለው ያገኙት የእፎይታ ጊዜ ከሦስት ዓመት አልበለጠም፤ በጥር 1539 የመጨረሻዋ እመ ምኔት ጆን ቴምስ ገዳሙን ለንጉሡ አስረከበች። መነኮሳይቱ ጡረታ ተቆርጦላቸው ተበተኑ።

በ1540 ሰር ዊልያም ሻሪንግተን ቦታውን በ783 ፓውንድ ገዛው። የዘመኑ ሹማምንት ገዳማትን እየገዙ ወደ ቤት የለወጡበት መንገድ ብዙ ዓይነት ነው። በሃምፕሺር፣ ቲችፊልድ ላይ፣ ቶማስ ሪዮትስሊ የቤተ ክርስቲያኑን መካከለኛ ክፍል ግዙፍ የበር ግንብ አደረገው። ሞቲስፎንት ላይ ሎርድ ሳንዲስ ቤተ ክርስቲያኑን ራሱን መኖሪያ አድርጎ ሌላውን አፈረሰ። ሻሪንግተን የሠራው የዚህን ተቃራኒ ነው፦ ቤተ ክርስቲያኑን አንሥቶ መተላለፊያውንና በዙሪያው ያሉትን ቤቶች ተወ። ያንዱን ዕድሜ ያሳጠረው ውሳኔ የሌላውን አረዘመ። የተረፈው የቤተ ክርስቲያኑ ሰሜናዊ ግድግዳ ብቻ ነው፤ እሱም የመተላለፊያው ደቡባዊ ግድግዳ ስለነበረ ሊፈርስ አልቻለም። ቤተ ክርስቲያኑ ሲወገድ ሦስት መቶ ዓመት ጥላ ውስጥ የቆየው ግድግዳ በአንድ ጊዜ ለደቡቡ ፀሐይ ተጋለጠ፤ የአዲሱ ቤት ፊትም ሆነ።

መኖሪያው ወደ ላይ ወጣ። የመነኮሳይቱ መኝታ አዳራሽ ተከፋፍሎ ክፍሎችና ረጅም የመንሸራሸሪያ ሰገነት ሆነ፤ ምርፋቁም እንዲሁ። በደቡቡ መተላለፊያ ጣሪያ ላይ ሌላ ሰገነት ተዘረጋ። ምድር ቤቱ ማከማቻና የአገልጋዮች መመላለሻ ሆኖ ቀረ። ለዚህ ምክንያቱ ለጥንታዊው ሥራ የነበረ ክብር ነው ማለት ይከብዳል። ጠንካራ የድንጋይ ጣሪያ ያለው ወለል ለላይኛው ቤት ያለ ወጪ የተገኘ መሠረት ነበር፤ የዘመኑ ባለጠጋም ከመሬት ከፍ ብሎ መኖርን ይወድ ነበር። መተላለፊያው የተረፈው ስለጠቀመ ነው።

ሻሪንግተን አዲስ ከጨመራቸው ውስጥ የሚበልጠው በደቡብ ምሥራቅ ማዕዘን የቆመው ባለ ስምንት ጎን፣ ባለ ሦስት ፎቅ ግንብ ነው። የግንቡ መካከለኛ ክፍል ለሰነድና ለውድ ዕቃ ማስቀመጫ የታሰበ ጠንካራ ክፍል ነበር። ከሁሉ በላይ ያለው ደግሞ የግብዣ ክፍል ነው፤ ግብዣ ሲባል ግን አዳራሽ ሙሉ ሰው የሚጠራበት አልነበረም። ከዋናው ምግብ በኋላ ጥቂት የተመረጡ እንግዶች በጣሪያው ላይ ባለው መንገድ ተጉዘው እዚያ ይገባሉ፤ ጣፋጭ እየቀመሱ መስኩንና ወንዙን ይመለከታሉ። በሁለቱም ክፍሎች መሃል የቆሙት ባለ ስምንት ጎን የድንጋይ ጠረጴዛዎች በእንግሊዝ ምድር ካሉ የዚያ ዘመን ቅርጾች ከምርጦቹ ይቆጠራሉ። አንዱን ጠረጴዛ ከሥር ቁጢጥ ብለው የተሸከሙት ከወገባቸው በታች ፍየል የሆኑ የግሪክ ተረት ፍጡራን ናቸው። ሥራው በንጉሡ ሕንፃዎች ላይ ይሠራ ለነበረው ለጠራቢው ጆን ቻፕማን ይሰጣል። የሻሪንግተን የቤተሰብ አርማ የሆነው ጊንጥም በድንጋዩ ላይ ተቀርጾ ይታያል።

በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር ቤት የሚሠራው ጎቲክ በሚባለው ባለ ሹል ቅስት የመካከለኛው ዘመን ልማድ ነበር። የሻሪንግተን መስኮቶችና የምድጃ ፊቶች ግን ከጣልያን የመነጨውን የሕዳሴ ዘይቤ ይዘዋል፤ ጥቅልል ድጋፎቻቸውና ልከኛ መስመሮቻቸው ከጥንታዊ ሮማ የተወረሱ ናቸው። ይህ ዘይቤ ወደ እንግሊዝ የገባው እንደ ሻሪንግተን ባሉ ጥቂት የቤተ መንግሥት ሰዎች በኩል ነው፤ የሎንግሊትን ታላቅ ቤት የሠራው ጆን ታይንም ከወዳጆቹ አንዱ ነበር። በስተሰሜን የጨመረው የጋጣ ግቢ ግን ሌላ መልክ አለው፤ ከድንጋዩ ላይ በእንጨት ማዕቀፍ የተሠሩ የጣሪያ መስኮቶች ብቅ ብለው ይታያሉ፣ የቢራ መጥመቂያ ቤቱም በዚያው ነው። ለእንግዳ ዓይን የሮማ ዘይቤ፣ ለፈረስና ለጠማቂ ያገሬው ዘይቤ ሆነ ማለት ነው።

የዚህ ሁሉ ወጪ ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ ለባለቤቱ መዘዝ አመጣ። ሻሪንግተን ከ1546 ጀምሮ የብሪስቶል የገንዘብ መምቻ ሹም ነበር። በዚያ ሥልጣኑ ሳንቲሞችን እየሸረፈ፣ ከታዘዘው በታች ብር ያለበት ገንዘብ እያስመታና መዝገብ እያስተካከለ ብዙ ሀብት አካበተ። የሕፃኑ ንጉሥ የኤድዋርድ 6ኛ አጎት ቶማስ ሲሞር ሥልጣን ለመያዝ ሲያሴር ገንዘብ ሊያቀርብለት ተስማማ። በጥር 1549 ተያዘ፤ ንብረቱም ተወረሰ። በምርመራ የሚያውቀውን ሁሉ ተናዘዘ፤ ሲሞር አንገቱ ሲቀላ ሻሪንግተን ምሕረት አገኘ። ከዚያም የተወረሰበትን ርስት መልሶ ገዛ። በ1552 ጭራሽ የዊልትሺር ሸሪፍ ሆኖ ተሾመ፤ በቀጣዩ ዓመት ሞተ።

ልጅ ስላልነበረው ቤቱን ወንድሙ ሄንሪ ወረሰ። ንግሥት ኤልሳቤጥ 1ኛ በ1574 ላኮክን ስትጎበኝ ሄንሪን የፈረሰኛ ማዕረግ ሰጠችው። የሄንሪ ልጅ ኦሊቭ ጆን ታልቦትን አገባች፤ ቤቱም ከዚያ ወዲህ የታልቦት ቤተሰብ ሆነ። ስለዚህ ጋብቻ የሚነገር አፈ ታሪክ አለ፦ አባት ጋብቻውን ቢከለክል ኦሊቭ ከግንቡ አናት ላይ ዘላ ከታች በቆመው ወጣት ላይ አረፈች፤ ወጣቱ ራሱን ሳተ፣ አባትየውም እንዲህ ከዘለለችስ ታግባው አለ። አፈ ታሪኩ ስለ ግንቡ ከፍታ ብዙ አይጨነቅም። በአሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን የእርስ በርስ ጦርነት ቤቱ የንጉሡ ወገን ምሽግ ሆኖ ነበር፤ በ1645 ለፓርላማው ጦር እጁን ሰጠ፣ ትልቅ ጉዳት ግን አልደረሰበትም።

የሚቀጥለው ትልቅ ለውጥ የመጣው በ1714 ቤቱን በወረሰው በጆን አይቮሪ ታልቦት ዘመን ነው። በመጀመሪያ ክፍሎቹን በዘመኑ ልከኛ የክላሲክ ዘይቤ አሳመረ፤ መስኩንም ታዋቂው የመናፈሻ ነዳፊ ላንስሎት ብራውን እንዲያስተካክለው አደረገ። ዕድሜው ከገፋ በኋላ ግን በመኳንንቱ ዘንድ አዲስ ፋሽን መጣ፤ ሁለት መቶ ዓመት የተናቀው ጎቲክ ተመልሶ ተወደደ። አይቮሪ ታልቦት የምዕራቡን ጎን አሮጌ አዳራሽ አስነሥቶ በ1754 እና 1755 አዲስ የጎቲክ አዳራሽ አሠራ። ነዳፊው የዎሪክሺር ባላባት ሳንደርሰን ሚለር ነው፤ ሚለር ሕንፃን የሚነድፈው ለእንጀራው ሳይሆን ለወዳጆቹ ነበር።

አዳራሹ በውጭ በኩል ባለ ሁለት ክንፍ ደረጃ ይወጣበታል። ጣሪያው በባለቤቱ ወዳጆች የቤተሰብ አርማዎች ተሸፍኗል፤ በወቅቱ የአውራጃውን ባላባቶች በስም ለማያውቅ ሰው እንደ መዝገብ ያገለግል ነበር። በግድግዳው ላይ ባሉት ሹል ጎድጓዳ ማረፊያዎች የቆሙት ምስሎች ቪክቶር አሌክሳንደር ሴደርባክ ከተባለ ቀራጭ እጅ የወጡ ናቸው፤ የተሠሩት ከተተኮሰ ሸክላ ነው። ከምስሎቹ መካከል ያለ አንድ ፍየል አፍንጫው ላይ ቁራጭ ስኳር ተቀምጦ ይታያል፤ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንድ ተማሪ ለቀልድ ያኖረው ሲሆን ከዚያ ወዲህ እንደ ልማድ ተጠብቋል።

አይቮሪ ታልቦት ያሠራው ጎቲክ እንደ ልብስ ከላይ የሚደረብ ጎቲክ ነው። ሹል ቅስቱ ጌጥ እንጂ ሸክም የያዘ አይደለም። ከዚያው አዳራሽ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ግን ከሦስት መቶ ዓመት በፊት የተሠራ፣ እያንዳንዱ የድንጋይ ዘንግ ክብደት የተሸከመበት እውነተኛ የጎቲክ መተላለፊያ ነበር። ባለቤቱ የእውነተኛው ጌታ ሆኖ ሳለ ለአምሳያው ገንዘብ አወጣ። ይህ ዛሬ ግራ ያጋባል፤ ለዘመኑ ሰው ግን የገዳሙ መተላለፊያ የቆየ የጓሮ ሥራ፣ አዲሱ አዳራሽ ደግሞ እንግዳ የሚቀበሉበት ጨዋታ ያዘለ ክፍል ነበር።

ከዚህ በኋላ ቤቱ የችግር ጊዜ ገጠመው። በ1800 ዊልያም ዴቨንፖርት ታልቦት ሲሞት ከ30,000 ፓውንድ በላይ ዕዳ ትቶ ነበር፤ ልጁ ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት የአምስት ወር ሕፃን ነበር። ቤቱ ለዓመታት ተከራየ። ልጁ አድጎ፣ የሒሳብና የሳይንስ ሊቅ ሆኖ፣ ከእናቱ ከሌዲ ኤልሳቤጥና ከእንጀራ አባቱ ጋር ወደ ላኮክ የገባው በ1827 ነው። ከመጀመሪያ ሥራዎቹ አንዱ የደቡቡን ሰገነት ማደስ ሆነ። ሰገነቱ በመተላለፊያው ጣሪያ ላይ፣ ከጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ኋላ የተዘረጋ ጠባብና ጨለማ ስፍራ ነበር። ፎክስ ታልቦት ግድግዳውን በሦስት ቦታ አስከፍቶ ወደ ውጭ ብቅ ያሉ የመስተዋት መስኮቶች አሠራ። እንዲህ ያለው መስኮት በእንግሊዝኛ ኦሪየል ይባላል፤ ከግድግዳው ተነጥሎ እንደ ትንሽ እልፍኝ ስለሚወጣ ብርሃን ከፊትም ከጎንም ያስገባል። ሦስቱ መስኮቶች በመጠን አይመሳሰሉም፤ የመካከለኛው ከሁሉ ያንሳል።

በ1833 በጣልያን፣ በኮሞ ሐይቅ ዳር፣ ፎክስ ታልቦት በመሣሪያ እየታገዘ የአካባቢውን መልክ ለመሳል ሞክሮ አልተሳካለትም። ብርሃኑ ራሱ በወረቀት ላይ ቢሥልስ የሚል ሐሳብ የመጣለት ያኔ ነው። ወደ ቤቱ ተመልሶ ወረቀት በጨውና በብር ናይትሬት እየነከረ መሞከር ያዘ፤ ወረቀቱ ብርሃን ሲያገኝ ይጠቁራል። በአናጢ ያሠራቸውን ትናንሽ የእንጨት ሳጥኖች በቤቱ ዙሪያ እየደረደረ ይተዋቸው ነበር፤ ሚስቱ ኮንስታንስ የአይጥ ወጥመድ ትላቸው ነበር። በነሐሴ 1835 ከነዚህ ሳጥኖች አንዱ በደቡቡ ሰገነት ውስጥ ፊቱን ወደ መካከለኛው ኦሪየል አዙሮ ተቀመጠ። የወጣው ምስል የፖስታ ቴምብር የሚያክል ነው፦ ብርሃን የገባበት መስተዋት ጠቁሮ፣ የመስኮቱ ፍርግርግ ነጥቶ ይታያል። ፎክስ ታልቦት ከሥሩ በጻፈው ማስታወሻ ምስሉ ገና እንደ ተሠራ 200 ያህል የመስተዋት ቁራጮች በማጉያ ሊቆጠሩ ይችሉ እንደነበር ገልጿል። እስከ ዛሬ ከተረፉት የፎቶግራፍ ኔጋቲቮች ሁሉ ቀዳሚው ይህ ነው።

መስኮቱ የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው። የዚያን ጊዜው ወረቀት ብርቱ ብርሃን ይፈልግ ነበር፤ በቤቱ ውስጥ ደግሞ ከደቡብ ፀሐይ ጋር ከተፋጠጠ መስተዋት የበለጠ ብርሃን አልነበረም። ያ ፀሐይ ወደ ግድግዳው የደረሰው ሻሪንግተን ከፊቱ የነበረውን ቤተ ክርስቲያን ስላነሣ ነው።

በ1839 መጀመሪያ ሌላው የፎቶግራፍ ፈልሳፊ፣ ፈረንሳዊው ዳጌር፣ በፓሪስ የራሱን ግኝት ሲያሳውቅ ፎክስ ታልቦትም ሥራውን ለሎንዶን ሊቃውንት አቀረበ። በዚያ ጽሑፉ የገጠር ቤቱን ጠቅሶ፣ የራሱን ሥዕል ራሱ የሣለ የመጀመሪያው ሕንፃ ሳይሆን እንደማይቀር ተናግሯል። ከ1844 እስከ 1846 በተከታታይ ባወጣው በፎቶግራፍ የተደገፈ መጽሐፉ ውስጥ የላኮክ መተላለፊያ፣ የሻሪንግተን ግንብና የግቢው ደጆች ተካተዋል። ስለዚህ የቤቱ የአሥራ ዘጠነኛ ክፍለ ዘመን መልክ በባለቤቱ እጅ ተመዝግቦ ይገኛል፤ እንዲህ ያለ ዕድል የገጠማቸው አሮጌ ቤቶች ጥቂት ናቸው።

ፎክስ ታልቦት በ1877 ሞተ። ልጁ ቻርልስ ሄንሪ ከአባቱ የተለየ ፍላጎት ነበረው፤ የጥንት ነገር ተመራማሪ ሆነ። በየዘመኑ የተደረበውን እየለየ፣ የተደፈኑ ቅስቶችን እያስከፈተ፣ ምድር ቤቱን ወደ ገዳምነት መልኩ መለሰው፤ በሥራው የሕንፃ ታሪክ አዋቂው ሃሮልድ ብራክስፒር ረድቶታል። በቤቱ ታሪክ ሳይጨምር የለወጠ ባለቤት እሱ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። በ1916 ልጅ ሳይተካ ሲሞት ቤቱን ለእህቱ ልጅ ለማቲልዳ አወረሰ፤ እሷም ስሟን ታልቦት አሰኘች።

ማቲልዳ ታልቦት በ1944 ቤቱንና በስተምዕራብ ያለውን የላኮክ መንደር ቅርስ ጠባቂ ድርጅት ለሆነው ለናሽናል ትረስት ሰጠች። የንጉሡን ሥልጣን የገደበውን የማግና ካርታን የ1225 ቅጂም ለብሪታንያ ሙዚየም አበረከተች። ለዊልትሺር የተላከው ይህ ቅጂ ከኤላ ገዳም ዘመን ጀምሮ እዚያው የቆየ ነበር፤ መነኮሳይቱ ሲበተኑም፣ ሻሪንግተን ሲታሰርም፣ ቤቱ ሲከራይም ከላኮክ አልወጣም። ማቲልዳ እስከ 1958 ኖራለች።

ዛሬ ቤቱ ለጎብኚ ክፍት ነው። በ1975 ከደጁ አጠገብ ባለ አሮጌ ጎተራ የፎክስ ታልቦት የፎቶግራፍ ሙዚየም ተከፈተ። ከአካባቢው ራቅ ያለ ሰው ቤቱን የሚያውቀው ግን በሌላ በኩል ሊሆን ይችላል፤ በሃሪ ፖተር የመጀመሪያ ፊልም የአስማተኞች ትምህርት ቤት መተላለፊያ ሆኖ የተቀረጸው የመነኮሳይቱ መተላለፊያ ነው። በደቡቡ ሰገነት ትንሹ ኦሪየል በቦታው አለ፤ ከእሱ ሥር ባለው ሣር ላይ የኤላ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ነበር።